ቃጫ፣ ሲትሪክ አሲድና የአቃቂ ውሃ

የመመረቂያ ጽሑፏን የመጀመሪያ ረቂቅ ለአማካሪዋ ባስረከበች ጊዜ፣ ተማሪዋ ከሁሉ በላይ የምትመካበት ቁጥር 98 ነበር። ከእንሰት ቃጫ የወጣና በሲትሪክ አሲድ የተሻሻለ ሴሉሎስ፣ በውሃ ውስጥ ከሟሟው ሲፕሮፍሎክሳሲን 98 በመቶውን በአራት ሰዓት ውስጥ ይዞ አስቀርቷል። ለዚህ ውጤት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ደክማለች። አማካሪዋ ረቂቁን ሲመልሱላት በአብዛኞቹ ገጾች ላይ የተለመደው የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ እርማት ነበረበት፤ በዚያ ቁጥር ጎን ግን በእርሳስ የተጻፈች አንዲት አጭር ጥያቄ ብቻ ሰፍራለች፦ «የቀረው ሁለት በመቶ ስንት ነው?»

ጥያቄው ተራ የሒሳብ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱም ከሦስት መስመር አይበልጥም። ሙከራው የተጀመረው በሊትር 50 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ባለው ውሃ ነው። ከዚህ 98 በመቶው ሲነሣ በሊትር 1 ሚሊግራም፣ ማለትም 1,000 ማይክሮግራም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዮሃን ቤንግትሰን-ፓልሜና ዮአኪም ላርሶን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች፣ አንቲባዮቲኮች በአካባቢ ውስጥ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ለይተው እንዳያበዙ መጠናቸው ከምን በታች መሆን እንዳለበት ለ111 መድኃኒቶች ግምት አውጥተዋል። ለሲፕሮፍሎክሳሲን የተገመተው የወሰን ልክ በሊትር 0.064 ማይክሮግራም ነው። አንድ ሺህ ለ0.064 ሲካፈል 15,625 ይሆናል። እንግዲህ 98 በመቶ ጸዳ የተባለው ውሃ፣ ከዚያ ልክ ከ15 ሺህ እጥፍ በላይ የሆነ መድኃኒት ተሸክሞ ከብልቃጡ ይወጣል ማለት ነው። ተማሪዋ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ስሕተት አልነበረበትም።

ወደዚህ ጥናት ያመጣት ከኬሚስትሪው በፊት የቤቷ ነገር ነበር። እናቷ ለዓመታት ቆስጣና ሰላጣ የሚገዙት በአቃቂ ወንዝ ዳር ከሚያለሙ አትክልተኞች ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው፣ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ ከተማዋ የምታፈሰውም አብሯቸው ይወርዳል። በ104 አገሮች የሚገኙ 258 ወንዞችን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም፣ ከፍተኛ አማካይ የመድኃኒት ክምችት በመገኘቱ ላሆር አንደኛ፣ ላ ፓዝ ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ሦስተኛ ሆነው ተመዘገቡ። የአዲስ አበባው በሊትር 51.3 ማይክሮግራም ነበር። ይህ አኃዝ የተለኩት መድኃኒቶች ሁሉ ድምር እንጂ የአንቲባዮቲክ ብቻ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። ያም ሆኖ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ይህን አንብባ ዝም ብላ ገጹን ልትገልጥ አትችልም። ለእናቷ ስትነግራቸው «ታዲያ አትክልቱ ይቅር?» አሏት፤ መልስ አልነበራትም።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመረጠችው በምክንያት ነው። በየቤቱ መሳቢያ ተርፎ የሚገኘው አሞክሳሲሊን፣ የቤታ ላክታም ቀለበቱ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሰበር በወንዝ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን ታማሚው ከዋጠው ውስጥ ከፍ ያለው ክፍል ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል፤ ውሃ አይሰብረውም፤ ይልቁንም ከዝቃጭና ከደለል ጋር ተጣብቆ ይቆያል። የፀሐይ ብርሃን ያፈርሰዋል፤ የደፈረሰ ወንዝ ግን ብርሃን ወደ ውስጡ አያስገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን የሚጠጋ ሞት በቀጥታ መድኃኒት ከተላመዱ ባክቴሪያዎች ጋር እንደሚያያዝ ተገምቷል። የዚህ ሞት ምን ያህሉ በወንዝ በኩል እንደሚያልፍ ለይቶ መናገር አይቻልም። ሆኖም መድኃኒትና ባክቴሪያ ቀን ከሌት አብረው የሚውሉበት ስፍራ ለባክቴሪያው መልካም ትምህርት ቤት ነው።

ቃጫውን የገዛችው ከወልቂጤ ገበያ ነው። እንሰቱ ተፍቆ ለቆጮ የሚሆነው ሲወጣ የሚተርፈው ክር ነው፤ በአገሩ ገመድ ይገመድበታል። ለኬሚስት ደግሞ ቃጫ ማለት በሊግኒንና በሄሚሴሉሎስ የተሸፈነ ሴሉሎስ፣ ማለትም ተክል ራሱ የሠራው ፖሊመር ነው። ተማሪዋ ክሩን ቆራርጣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀቀለችው፤ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እስኪነጣ አጠበችው፤ ከዚያም በሲትሪክ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ አድርቃ፣ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በምድጃ አቆየችው። በዚህ ሙቀት ሲትሪክ አሲዱ ውሃ ይለቅና አንሃይድራይድ ይሆናል፤ ያም ከሴሉሎሱ ሃይድሮክሲል ጋር በኤስተር ቦንድ ይያያዛል። ያልተያያዙት የካርቦክሲል እጆች ነጻ ሆነው ይቀራሉ። ሙቀቱ ቢበዛ ወይም ጊዜው ቢረዝም ነጻ የቀሩት እጆች ሌላ ሰንሰለት ይዘው ይተሳሰራሉ፤ ያን ጊዜ ቃጫው ይጠነክራል፣ መድኃኒት የሚይዝበት እጅ ግን ያንሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለቁት በዚህ ነው፤ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ሰዓት በመቁጠር።

አድሶርፕሽን የሚለውን ቃል ብዙዎች «መምጠጥ» ብለው ይተረጉሙታል፤ ትርጉሙ ግን ያሳስታል። ስፖንጅ ውሃን ይመጥጣል፤ ውሃው ወደ ውስጡ ይገባል። አድሶርፕሽን ከዚያ ይልቅ ጭጎጎት በነጠላ ጫፍ ላይ እንደሚጣበቀው ነው፦ ነገሩ የሚካሄደው በገጽ ላይ ሲሆን፣ የሚወስነውም የጭጎጎቱ መንጠቆና የነጠላው ክር መገናኘታቸው ነው። ይህን ልዩነት መያዝ ለኋላው ነገር ይጠቅማል፤ በመንገዱ ላይ ሌላ ጭጎጎት ቀድሞ ከተጣበቀ ለኋለኛው ቦታ አይተርፍምና።

በዲስቲልድ ውሃ ውስጥ መንጠቆውና ክሩ በሚገባ ተገናኝተዋል። የሲፕሮፍሎክሳሲን ሞለኪውል ሁለት ፒኬኤ አለው፤ አንዱ 6.1፣ ሌላው 8.7 ገደማ ነው። ፒኤች ከ6.1 በታች ሲሆን ሞለኪውሉ በአብዛኛው ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ በሁለቱ መካከል ፖዘቲቩንም ኔጋቲቩንም በአንድነት ይሸከማል፤ ከ8.7 በላይ ኔጋቲቭ ይሆናል። የቃጫው ካርቦክሲል ደግሞ በፒኤች 5 አካባቢ ብዙውን ፕሮቶን ለቆ ኔጋቲቭ ሆኗል። ተማሪዋ ፒኤቹን በጠብታ አሲድና ቤዝ እያስተካከለች ትክክል 5 ላይ አቆመችው፤ ተቃራኒዎቹም ተሳሳቡ። 98 በመቶ የተባለው ከዚህ የተገኘ ነው።

ቁጥሩ የግዴለሽነት ውጤት አልነበረም። ብልቃጦቹን በአሉሚኒየም ፎይል ትጠቀልላቸው ነበር፤ አለዚያ ብርሃኑ ያፈረሰው መድኃኒት ሁሉ ቃጫው እንደያዘው ሆኖ ይቆጠራል። አንድ ሰሞን ቃጫ ባልተጨመረበት የማነጻጸሪያ ብልቃጥ ውስጥም መድኃኒቱ እየቀነሰ አስቸገራት። ለሁለት ሳምንት ሚዛኑን፣ ፒፔቱን፣ ውሃውን ስትጠረጥር ከርማ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የማጥለያው የናይሎን ሜምብሬን መሆኑን ደረሰችበት፤ ማጥለያው ራሱ መድኃኒቱን ይይዝ ነበር። ማጥለያውን ለውጣ ያን ጊዜ ድረስ የሠራችውን ሁሉ እንደገና ሠራች። እንዲህ የተለፋበት ቁጥር ጎን በእርሳስ የተጻፈ ጥያቄ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አማካሪዋ ቢሯቸው ስትገባ ቁጣም ምስጋናም አላሳዩም። «ቃጫሽ ጥሩ ነው» አሏት። «ግን እስካሁን የጠየቅሽው ጥያቄ ቃጫው እንዲመልሰው የተመቻቸለትን ነው። ወንዙን ጠይቂው።»

በየካቲት፣ ወንዙ በጎደለበት ወቅት፣ ከትንሹ አቃቂ በጥቁር ጠርሙሶች ውሃ ቀድታ መጣች። በቤተ ሙከራው ረጅም ዓመት ያገለገሉት ቴክኒሻን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ራሱ ሻይ መስሏል፤ ደግሞ ምን ልትጨምሪበት ነው?» አሏት። እሷም ስቃ «መድኃኒት ነዋ፣ ጋሼ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ውሃውን አጥልላ፣ በፊት እንዳደረገችው በሊትር 50 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን አሟሟችበት፤ ፒኤቹን ግን አልነካችውም። ቃጫው ከያዘው ጋር ሲነጻጸር ያሁኑ ከግማሽ በታች ወረደ። ደገመችው፤ ያው ነው። ሠለሰችው፤ ያው ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ከወንዙ ሌላ ምሥጢር መፈለግ አላስፈለጋትም፤ በገዛ ማስታወሻዋ ላይ ተጽፎ ነበር። የወንዙ ውሃ ፒኤች ወደ 8 የተጠጋ ነው፤ በዚያ ላይ መድኃኒቱ ሁለቱንም ቻርጅ ስለሚሸከም ወደ ቃጫው የሚስበው ኃይል ደክሟል። ከዚህ በላይ የከፋው ሽሚያው ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 40 ሚሊግራም ካልሲየም ቢኖር፣ ያ 1 ሚሊሞል ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን በወንዝ ውስጥ በሊትር 1 ማይክሮግራም ቢገኝ ደግሞ 3 ናኖሞል ያህል ነው። ለአንድ የመድኃኒት ሞለኪውል ከ3 መቶ ሺህ በላይ የካልሲየም አዮኖች ተሰልፈዋል ማለት ነው፤ እያንዳንዳቸውም ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዘው ያንኑ የካርቦክሲል እጅ ይፈልጋሉ። ካልሲየምና ማግኒዥየም በዚህ ብቻ አይወሰኑም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ራሱን ይይዙታል። ሐኪም መድኃኒቱን ከወተት ጋር አትውሰዱ የሚለው ስለዚሁ ነው። ውሃውን ሻይ ያስመሰለው ሂውሚክ ቁስም ገጹን ይሸፍናል፤ ጭጎጎቱ ሳይደርስ ነጠላው ሞልቷል።

የቻርጅ መሳሳብ ብቻውን ለወንዝ እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ለዚህ ነው ፖሊመርን ማሻሻል ሲባል የካርቦክሲል እጅ መጨመር ብቻ ሆኖ መቅረት የሌለበት። ሲፕሮፍሎክሳሲን ካልሲየም የሌለው ነገር አለው፤ ጠፍጣፋ የአሮማቲክ ቀለበት። በቀለበት ለቀለበት መደራረብ ወይም ውሃን በሚጠላ ጉድጓድ የሚይዝ ገጽ ካልሲየምን ከሽሚያው ያስወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በዊሊያም ዲችተል የሚመራው ቡድን ከስታርች የሚገኘውን ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን ግትር በሆኑ አሮማቲክ ማያያዣዎች አስተሳስሮ የሠራው ባለ ቀዳዳ ፖሊመር የዚህ መንገድ ምሳሌ ነው፤ በጥቂቱ የሟሙ በካዮችን በፍጥነት ይይዛል፣ በቀላል እጥበትም ተመልሶ ያገለግላል። ማያያዣው ፍሎሪን ያለበት ውድ ኬሚካል መሆኑ ግን ከወልቂጤ ገበያ ያርቀዋል።

ከዚህ ጋር የመለካት ጣጣ አለ። ስፔክትሮፎቶሜትር ሲፕሮፍሎክሳሲንን በ277 ናኖሜትር ገደማ ያያል፤ በሚሊግራም ደረጃ መልካም ዓይን አለው፣ በማይክሮግራም ደረጃ ግን ታውሯል። በወንዝ ውሃ ውስጥ ደግሞ ሂውሚክ ቁሱም በዚያው ሞገድ ላይ ብርሃን ይውጣል። በሊትር 0.064 ማይክሮግራምን ማየት የሚችለው ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር የተያያዘ ክሮማቶግራፍ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ናሙናው አስቀድሞ መሰብሰብ ይኖርበታል። የሚሰበሰበውስ በምንድን ነው? ዲቫይኒልቤንዚንና ቫይኒልፒሮሊዶን ተቀላቅለው በሠሩት ፖሊመር በተሞላች ትንሽ ካርትሪጅ ውስጥ ውሃውን በማሳለፍ ነው። ተማሪዋ የምትደክምለት ነገር፣ የተሻሻለ ፖሊመር አድሶርበንት፣ በየመለኪያ ቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ የሚሠራ መሆኑ ያስገርማል፤ እዚያ ግን የሚያልፈው ውሃ በሚሊሊትር የሚቆጠር ነው።

ስለ ቀመሮቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን ሳይነሣ አይታለፍም። እንደ ብዙዎቹ እሷም ፍጥነቱን በሐሰተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሞዴል ገልጻ፣ ጊዜን በተያዘው መጠን አካፍላ፣ ያንኑ በጊዜ ላይ ሣለችው፤ አር ስኩዌር 0.999 ወጣላት። ጊዜ በሁለቱም መስመሮች ላይ ስላለ ግን ይህ ሥዕል ቀጥ ከማለት በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። በወንዙ ውሃ የተገኘውን ደካማ ውጤት በዚያው ሥዕል ላይ ስታስቀምጠው እሱም 0.99 አለፈ። መልካሙንም መጥፎውንም እኩል የሚያመሰግን ዳኛ ዳኛ አይደለም።

ሊታለፍ የማይችለው ውሳኔ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጽሑፉ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አንድ የክፍል ጓደኛዋ የወንዙን ውጤት ትታ በማጠቃለያው «ለወደፊት ጥናት» በሚለው ሥር በአንድ ዐረፍተ ነገር እንድታነሣው መከራት፤ ምክሩ ክፋት አልነበረበትም፣ እሱም በዚያው መንገድ አልፏል። ፈታኞች የወረደ ቁጥር ሲያዩ ሥራው የወረደ የሚመስላቸው ጊዜ አለና ፍርሃቷ መሠረት የሌለው አልነበረም። ለአንድ ሳምንት ያህል ሠንጠረዡን አንዴ እያስገባች አንዴ እያወጣች ቆየች።

ያዳናት ከስሜት ይልቅ ንባብ ነበር። ከሕንዷ ሃይደራባድ አጠገብ በምትገኘው ፓታንቼሩ ወደ 90 የሚጠጉ የመድኃኒት አምራቾችን ፍሳሽ የሚቀበል ማጣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ላርሶንና ባልደረቦቹ ከዚያ ማጣሪያ በሚወጣው ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ማግኘታቸውን አሳተሙ፤ ይህ በሕክምና ላይ ባለ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል። 50 ሚሊግራም የሚለው የመነሻ ቁጥሯ ለአቃቂ እንግዳ ቢሆንም በምድር ላይ የትም የሌለ አልነበረም። የቃጫው ስፍራ ወንዙ ሳይሆን ከወንዙ በፊት ያለው ቱቦ መሆኑን ያየችው በዚህ ጊዜ ነው፦ ፋብሪካው ከሚያፈስበት አፍ ላይ፣ ከሆስፒታሉ መውጫ ላይ፣ መድኃኒቱ ገና በሌላ ውሃ ሳይበረዝና ፒኤቹን ማስተካከል በሚቻልበት ጥቂት ውሃ ውስጥ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ስለ አንቲባዮቲክ ፋብሪካዎች ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ያወጣው መመሪያ ትኩረቱ ከምንጩ ላይ ነው። እርግጥ የሆስፒታል ፍሳሽም ሽንት አለበት፣ ሽንትም ካልሲየም አለው፤ ሽሚያው ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። እንዲያም ሆኖ የወንዙ ሠንጠረዥ ከሥራዋ ጉድለትነት ወደ ማስረጃነት ተለወጠላት። አስገባችው፤ ከዲስቲልድ ውሃው ሠንጠረዥ ፊት አደረገችው። በቃል ፈተናው ዕለት ስለ ሠንጠረዡ ተጠይቃለች፣ መልሳለች፣ አልፋለች።

ነገር ግን ፈታኞቹ ያልጠየቋት አንድ ነገር በጠረጴዛዋ ሥር ነበር። ያገለገለውን ቃጫ ለማደስ በመጀመሪያ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አጥባው ነበር። መድኃኒቱ ለቀቀ፤ ቃጫው ግን በሁለተኛው ዙር እንደ ተራ ገመድ ሆነ። ቤዙ ኤስተሩን ሰብሮ ሲትሪክ አሲዱን አብሮ አጥቦት ነበር። ወደ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስትዞር ነገሩ ተስተካከለ፤ ፕሮቶኑ የካርቦክሲሉን ቻርጅ ያጠፋል፣ መድኃኒቱም ይለቃል፣ ቦንዱ ግን ይተርፋል። በዚህ መንገድ ዙር በዙር የተጠራቀመው አጣቢ ሦስት ጠርሙስ ሞላ። ከውሃው የወጣው ሲፕሮፍሎክሳሲን ሁሉ እዚያ አለ፤ ከመጀመሪያው እጅግ በርክቶ፣ በጥቂት አሲድ ውስጥ። የቤተ ሙከራው ማስወገጃ ደግሞ የእጅ መታጠቢያው ገንዳ ነው፤ የገንዳው ቱቦ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያጣውም። በጠርሙሶቹ ላይ «አይደፋ» ብላ ጽፋ አስቀመጠቻቸው።

ከምረቃ በኋላም ቤተ ሙከራውን ያልተሰናበተችው በእነዚህ ጠርሙሶች ምክንያት ነው። አሲዱ እንደ አጋጣሚ ለፌንተን አጸግብሮት የሚስማማ ነበር፤ ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚሰጡት ፒኤች 3 ገደማ ሲሆን ነውና፣ ያንም ፒኤች በአንድ ወንዝ ሙሉ ውሃ ውስጥ ማድረግ ከንቱ ሲሆን በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ግን ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ አክማ ስትለካ የሲፕሮፍሎክሳሲን ምልክት በክሮማቶግራፉ ላይ ጠፋ። ቴክኒሻኑ «በቃ፣ ሞተ» አሉ። እሷ ግን መጀመሪያ የሚሰበረው የፒፐራዚን ቀለበቱ መሆኑን፣ ባክቴሪያውን የሚገድለው የኪኖሎን እምብርት ግን ለጊዜው ሊተርፍ እንደሚችል ታውቅ ነበር። ስለዚህ ኢ. ኮላይ በተዘራበት ሳህን ላይ በዚያ ፈሳሽ የተነከረች ክብ ወረቀት አኑራ፣ ለማነጻጸሪያ ያልታከመውን በጎኑ አድርጋ፣ ሌሊቱን በ37 ዲግሪ አሳደረችው።

በማግሥቱ ያልታከመው ጠብታ ዙሪያውን ሰፊ ባዶ ክብ ሠርቶ ተገኘ። በታከመው ዙሪያም ክብ ነበር፤ ጠባብ፣ ግን በማስመሪያ የሚለካ። ልኩን መዘገበች፤ ከቀረው ፈሳሽ ላይ ቀድታ ፐርኦክሳይዱን እጥፍ አድርጋ ጨመረች፤ ሰዓቱንም ከመጀመሪያው አስበልጣ ሞላችው።